የአማቴ ጉልበትና የእኔ ጆሮ

የአማቴን ስም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አታገኙትም። ለመደበቅ ብዬ አይደለም። በቦረና ወግ አማች የሚስቱን እናት ስም በአፉ አይጠራም፤ እኔም ዳርሚን ካገባሁ ጀምሮ አንድም ቀን ጠርቼው አላውቅም። በብዕር ብጽፈው ደግሞ አንብቦ የሚያሳብቅብኝ ሰው አይጠፋም። ስለዚህ አማቴ እያልኩ እቀጥላለሁ።

በዚያን ጊዜ ነገሌ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ጠባብ ጋራዥ ነበረችኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነገሌ ላይ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኔ ግን ሜትርና ሚዛን አልሆነልኝም፤ አይሱዙ ስር ተኝቼ ዘይት ሲንጠባጠብብኝ ነው ያደግኩት። ዳርሚን ለማግባት ሽማግሌ ስልክ አጎቶቿ፣ "ቦረና አይደለም፣ ከብት የለው፣ እጁ ደግሞ ጥቁር ነው" ብለው አሻፈረኝ አሉ። ያን ጊዜ ተነስተው፣ "ልጄ የምትበላው ከእጁ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ የሚጠቁረው ስለሚሠራ ነው" ያሉት እናቷ ናቸው። ይህንንም የሰማሁት በወሬ ነው። እሳቸው ነግረውኝ አያውቁም። እንዴት ይነግሩኛል? አናወራማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በቦረና አማትና አማች "ሶዳ" ይባባላሉ፤ በጣም ይከባበራሉ፤ መከባበሩ ደግሞ በመሸሽ ነው። ፊት ለፊት አይተያዩም፣ አብረው አይበሉም፣ አይነካኩም። ከተማ የገባ ብዙ ሰው ይህንን አላልቶታል። አማቴ ግን አላላሉም። ድርቁ ከብቶቻቸውን ጨርሶባቸው ወደኛ ግቢ ሲገቡ ከብቱ እንጂ ወጉ አልሞተባቸውም።

እሳቸው ወደ ሳሎን ሲመጡ እኔ በጓሮ በር እወጣለሁ። እኔ ከሥራ ስገባ አጥሩ ጋ ስደርስ እስላለሁ፤ እሳቸው ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ወደ ክፍላቸው ይገባሉ። የሚነግሩኝ ነገር ካለ ለዳርሚ ይነግራሉ። ዳርሚ ከሌለች ለበሩ ይነግራሉ። "አንተ በር፣ የዚህ ቤት ሰውዬ ዛሬም ሳይበላ ሊወጣ ነው" ይላሉ ጮክ ብለው በኦሮምኛ። እኔም ከበሩ ማዶ ሆኜ፣ "አንተ በር፣ ጋራዥ ሄዶ ይበላል በልልኝ" እላለሁ። ወተት የተገኘ ቀን ደግሞ መጀመሪያ የሚቀዱት ለኔ ነው፤ ከልጃቸው በፊት። ዳርሚ፣ "እናቴን ቀማኸኝ" ትለኝ ነበር። እኔ እንጃ፣ ሴትዮዋን በደንብ አይቻቸው ሳላውቅ በጣም እወዳቸው ነበር።

ታዲያ የኚህ ሴት ቀኝ ጉልበት ከዳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ውሃ ሲያወጡ፣ እንስራ በጀርባቸው አዝለው ሲሄዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ገጠር እያሉ ጉልበታቸው ሲያብጥ በጋለ ብረት ተተኮሱ። ከተማ ሲመጡ ክኒን ጀመሩ፣ ከዚያ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚወጋ መርፌ ተወጉ። የመጀመሪያው መርፌ ለብዙ ወር አሳረፋቸው፤ ቀጥሎ ያለው ለጥቂት ሳምንት፤ ከዚያ በኋላ ምንም። በመጨረሻ የነገሌው ሐኪም ወደ ሀዋሳ ጻፈላቸው። የአጥንት ቀዶ ጥገና ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተው ለጥቂት ቀናት እዚያ ይሠራሉ፤ ግን ሁሉንም ስለማይችሉ፣ አይተው የባሰበትን ይመርጣሉ ተባለ።

ይዟቸው ሊሄድ የነበረው ሞያሌ የሚነግደው ልጃቸው ጂሎ ነበር። በዋዜማው ደወለ። መኪናው ከሜጋ ወዲህ ተበላሽቶበት መንገድ ላይ ቀርቷል።

ዳርሚ አራስ ናት። ልጃችን ከተወለደ ገና ቀናት ነው የሆነው። ስልኩን ዘግታ አየችኝ።

"አንተ ትወስዳታለህ" አለችኝ።

"እኔ? ጤነኛ ነሽ?"

"ይሄ ቀን ካለፈ ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ ማን ያውቃል?"

ከጎን ክፍል አማቴ ለበሩ፣ "አንተ በር፣ ይቅር በላቸው፤ እኔ ደህና ነኝ" አሉ። ይህን ጊዜ ዳርሚ ልጁን ይዛ ሄደችና እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። "ተነስተሽ እዘይው እስቲ" አለቻቸው። ቦረና አያት የልጅ ልጇን ሳታዝል ቀረች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለኔ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ ነገ እሄዳለሁ" የሚል ድምፅ መጣ።

በማግስቱ ከነገሌ መናኸሪያ ተሳፈርን። ተሳፈርን ማለት ቀላል ነው። አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አማቴ እግራቸውን አንስተው ማሳረፍ አቃታቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ደግፎ ብድግ ያደርጋቸዋል። እኔ ራቅ ብዬ ቆሜ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። አንዲት ክብረ መንግሥት ወርደው ሻኪሶ የሚሄዱ ነጋዴ ሴትዮ ጮሁብኝ።

"አንተ! ድንጋይ ነህ እንዴ? እናትህን አታግዝም?"

"አማቴ ናቸው" አልኩ።

"አማት ሰው አይደለችም?"

"ቦረና ናቸው" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ሴትዮዋ ያገሩ ሰው ናቸውና ወዲያው ገባቸው። "ውይ፣ ሶዳ ነሃ!" ብለው ሳቁና ራሳቸው አማቴን ደግፈው አስገቡልኝ፤ ከጎናቸውም አስቀመጧቸው። እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ ሄጄ ተሸጎጥኩ።

ወደራን አልፈን፣ ክብረ መንግሥት ምሳ በልተን፣ ቦሬ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ቆላ ላደገ ሰው የቦሬ ብርድ ቀልድ አይደለም፤ ለታመመ ጉልበት ደግሞ ይብሳል። ከኋላ ሆኜ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ጃኬቴን አወለቅኩና "ፊት ለተቀመጡት እናት" ብዬ ከፊቴ ላለው ሰው ሰጠሁት። ከወንበር ወንበር እየተቀባበሉት ደረሳቸው። ዘወር ብለው አላዩም። ግን ለበሱት። እኔ እስከ ሀዋሳ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ጠዋት ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ስንደርስ ሌላ ጣጣ መጣ።

"የታካሚዋ ስም?" አለች ልጅቷ።

ጣሪያ ጣሪያ ማየት ጀመርኩ።

"ስማቸውን አታውቀውም?"

"አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"አልጠራውም።"

ከአእምሮ ሕክምና ክፍል ያመለጥኩ ሳልመስላት አልቀረሁም። አማቴ ከኋላዬ መታወቂያቸውን አግዳሚው ላይ አስቀመጡ፤ እኔ ካግዳሚው ላይ አንስቼ ሰጠኋት። ልጅቷ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን እያየች ጻፈች።

ራጅ ተነሥተው ወደ ሐኪሙ ገባን። ዶክተሩ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድካም ፊታቸው ላይ የሚታይ፣ ቀልድ ግን የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። ራጁን ብርሃን ያለው ሰሌዳ ላይ ሰኩትና ጠሩኝ።

"እዚህ ጋ ክፍተት መኖር ነበረበት። አጥንቶቹ ጫፍ ላይ ልም አጥንት የሚባል ለስላሳ ሽፋን አለ፤ እሱ ነው አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚያደርገው። ራጅ ላይ እሱ ራሱ አይታይም፤ ክፍተት ሆኖ ነው የሚታየው። እሳቸው ጋ ክፍተቱ ጠፍቷል።"

"በመሃል ያለው ቦኮላ አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው ማለት ነው" አልኩ።

ዶክተሩ ሳቁ። "ጋራዥ ነው የምትሠራው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ተግባብተናል። ግን ሰው መኪና አይደለም። ራጁ እንዲህ ሆኖ ገበያ ውሎ የሚመጣ ሰው አለ፤ ራጁ ደህና ሆኖ የሚያለቅስም አለ። እኔ የምቀደው ራጁን አይደለም፤ ሰውየውን ነው። ምን ያህል እንደሚያማቸው፣ ምን መሥራት እንዳቃታቸው ከራሳቸው አፍ መስማት አለብኝ። ቋንቋቸውን ትችላለህ?"

"እችላለሁ።"

"ጠይቅልኝ። ሲራመዱ ያማቸዋል?"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩና በኦሮምኛ ጠየቅኩ።

"ናጋ" አሉ አማቴ። ሰላም ነው።

"ሌሊትስ? ከእንቅልፍ ያነቃቸዋል?"

"ናጋ።"

"ደረጃ መውጣት? መቀመጥ፣ መነሳት?"

"ናጋ። ዋቃ ይመስገን።"

ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "አንተ ደግሞ ከግድግዳው ጋር ነው እንዴ የምታወራው?" አሉኝ። ወጉን ነገርኳቸው። በአማች ፊት ስለ እግር፣ ስለ ሌሊት፣ ስለ መኝታ አይወራም። እንዳላያቸው፣ እንዳልነካቸውም ነገርኳቸው። ሰውየው አስተዋይ ናቸው፤ ኦሮምኛ የምትችል አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አስጠሩና እኔን ከመጋረጃው ውጭ አቆሙኝ። እፎይ አልኩ። አሁን ይነግሯታል ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

ሴትዮዋ በትሕትና፣ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው።

"ናጋ" አሉ አማቴ። "ናጋ። አዎ፣ ናጋ።"

ምን ሆነው ነው? ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ለዳርሚ በስልክ ሳወራ ነው። "መጋረጃው መሬት ይደርሳል?" አለችኝ። አይደርስም። ዘይት የጠገበው ጫማዬ ከመጋረጃው ስር ተገትሮ ይታያል። ወጥቻለሁ ብዬ ቆሜያለሁ፤ አማቴ ግን አማቻቸው ጆሮውን ደቅኖ እየሰማ መሆኑን እያዩ ነበር የሚመልሱት። እንዲህ ያለ ስህተት ከኛ ቤት ሰው በቀር ማን ይሠራል?

ዶክተሩ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ወጡ። "እንግዲህ ደስ ይበልህ። ለጊዜው ቀዶ ጥገና አያስፈልጋቸውም። ክኒን፣ የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ፣ ምርኩዝ። ከባሰባቸው ይመለሱ። ቦታውን መራመድ ላቃተው ሰው እሰጠዋለሁ።"

"እናንተ መቼ ነው የምትመለሱት?"

"እኔ እንጃ። ሲመቻች።"

ምን እላለሁ? ታማሚዋ ራሳቸው ደህና ነኝ ካሉ እኔ ማን ነኝ? አመሰግናለሁ ልል አፌን ስከፍት፣ ከመጋረጃው ጀርባ አማቴ ሊነሱ ጀመሩ። መጀመሪያ ትንፋሻቸውን ያዙ። አልጋው ሲጢጥ አለ። ከዚያ ምንም ድምፅ የለም፤ ረጅም ጊዜ ምንም። ከዚያ ምርኩዙ መሬት ነካ። ከዚያ የተያዘው ትንፋሽ በቀስታ፣ እንዳይሰማ ተደርጎ ወጣ። ይህንን ድምፅ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሳላስበው መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ፤ አማቴ ፊት ቆምኩ፤ ዶክተሩም ተከትለውኝ ገቡ።

"ዶክተር፣ የነገሩዎት ልክ አይደለም" አልኩ።

"እንዴት?"

"መራመድ አይችሉም። አይተኙም።"

"አላያቸውም አላልከኝም? በምን አወቅክ?"

"አላያቸውም። እሰማቸዋለሁ።"

ከዚያ ወዲያ አፌን መያዝ አልቻልኩም።

"እንዳልገጥማቸው ስሸሽ ዓመታት ሙሉ ኮቴያቸውን ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ወደ ቤታችን ሲመጡ ከክፍላቸው ተነሱ ስል ሳሎን ይደርሱ ነበር፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የምሮጠው። አሁን ሻዬን ጨርሼ፣ ብርጭቆውን አስቀምጬ፣ ቀስ ብዬ ነው የምወጣው። መሃል ላይ ይቆማሉ። ግድግዳውን ሲደግፉ እጃቸው ሲንሸራተት ይሰማኛል። ድሮ ማታ ማታ ከእንስራው ውሃ ሲቀዱ እሰማ ነበር፤ አሁን አይቀዱም፤ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ላለመውጣት ውሃ መጠጣት ትተዋል። ልጄ ሲያለቅስ ሊያነሱት ይሞክራሉ። ግማሽ ድረስ ተነስተው መልሰው ይቀመጣሉ። ከዚያ 'ዳርሚ!' ብለው ይጣራሉ፤ የተቆጡ ይመስላሉ። አልተቆጡም። እኔ አውቃለሁ፣ አልተቆጡም።"

የጽዳት ሠራተኛዋ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

ዶክተሩ፣ "ጥሩ። አሁን ይህንኑ ለሳቸው ንገራቸው" አሉኝ።

"ለማን?"

"ለሳቸው። እኔ ባንተ ጆሮ ተማምኜ የሰው ጉልበት አልከፍትም። እሳቸው ራሳቸው አዎ ማለት አለባቸው።"

በር ፈለግኩ። መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። ወደ ራጁ ዞርኩ። "አንተ ራጅ" አልኩ በኦሮምኛ፣ "ለሶዳዬ ንገርልኝ።" ከዚያ ለዶክተሩ ያልኩትን ሁሉ፣ ግድግዳውን፣ ውሃውን፣ የልጁን ለቅሶ ነገርኩት። በመጨረሻም፣ "ልጄን አያቱ እንዲያዝሉት እፈልጋለሁ በላቸው። ነውር ከሆነ ነውሩ የኔ ይሁን" አልኩ።

የአገሩ ነውር ሁሉ ትከሻዬ ላይ የተጫነ መሰለኝ። ዳርሚን ምን ብዬ ነው የማያት? ከቤታችን ወጥተው ገጠር ሊመለሱም ይችላሉ። ከዚያ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ በአማርኛ። አማቴ እኔ ባለሁበት አማርኛ ተናግረው አያውቁም ነበር። የገበያ አማርኛ ነው።

"ሐኪም" አሉ። "ይሄ ልጅ ውሸት የለም። ግን እሱ የሰማው ትንሽ ነው። ከዛ ይብሳል።"

ቀሚሳቸውን ወደ ጉልበታቸው ሲሰበስቡ ሰማሁና ፊቴን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ "ዋቃዮ!" አለች። ያየችውን ዶክተሩ በኋላ ነገሩኝ፤ ጉልበታቸው ዙሪያ የጋለ ብረት ጠባሳ ጠባሳ ላይ ተደራርቦ፣ ጤነኛ ቆዳ ተፈልጎ ነው የሚገኘው አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ሌላ ሆነ። ዶክተሩ ወንበር ስበው ከፊታቸው ተቀመጡና ቀስ ብለው ያስረዱ ጀመር። ሴትዮዋ ታስተረጉማለች፤ እኔ ግድግዳዬን ይዤ እሰማለሁ።

"ወጣት ቢሆኑ ኖሮ አጥንቱን ትንሽ አቃንቼ ክብደቱ ወደ ደህናው ጎን እንዲያርፍ አደርግ ነበር። መገጣጠሚያውን በትንሽ ቀዳዳ ገብቶ ማጠብም አለ፤ እዚህ ደረጃ ላይ ግን ጥቅም የለውም። መርፌውም ሥራውን ጨርሷል። የቀረው ያለቀውን ጫፍ ቆርጦ በብረትና በፕላስቲክ መተካት ነው። ሕመሙ ይቀንሳል፤ ይራመዳሉ። መንበርከክና ቁጢጥ ማለት ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ማጠፍና መዘርጋቱን ሳይሰለቹ መልመድ አለ፤ ያማል። ኢንፌክሽንም ሊኖር ይችላል፤ አልዋሽዎትም።"

"ብረቱ ይዝጋል?" አሉ አማቴ።

ይህቺ ጥያቄ የኔ ነበረች፤ ቀደሙኝ።

"አይዝግም።"

"ስንት ጊዜ ይቆያል?"

"በደንብ ከያዙት ብዙ ዓመት።"

አማቴ አሰቡ። "እንግዲያው ከኔ በኋላ ይኖራል" አሉና፣ "ቁረጠው" አሉ።

ስለ ቀዶ ጥገናው ቀን ብዙ አልናገርም። ፈርሜ አስገባኋቸው፤ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ስንት ሞተር አውርጄ ገጥሜያለሁ፤ የሰው እግር ተከፍቶ ማሰብ ግን አልሆነልኝም። ዳርሚ በስልክ፣ "ስለ እግሯ በፊቷ አወራህ?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ከዚያ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ያልለየሁት ድምፅ መጣ። "በሰላም ትውጣልኝ እንጂ እኔ አስታርቃችኋለሁ" አለችኝ። ዶክተሩ ወጥተው ትከሻዬን መታ ሲያደርጉኝ የማርያምን ስም እየደጋገምኩ ነበር።

በማግስቱ አንድ የእንቅስቃሴ ባለሙያ መጣና "ይነሱ" አለ። ገና ቁስሉ ሳይደርቅ! በአንድ በኩል እሱ ያዛቸው፤ "በዚያ በኩል ቤተሰብ ይያዝ" አለ። ቤተሰብ ማለት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው የለም። ክንዴን ዘርግቼ ፊቴን አዞርኩ። ጠበቅኩ። አማቴ ሻሻቸውን ከራሳቸው አወረዱ፤ ክንዴ ላይ ደርበው አለበሱትና በሻሹ ላይ ጨብጠው ያዙኝ። እንዴት ያለ ጭብጥ! ከጉድጓድ ውሃ ሲያወጣ የኖረ እጅ ነው። አንድ እግር አራመዱ። ተንፍሰው ሌላውን አስከተሉ። "ሶዳ ይችላል" አሉ ለባለሙያው በዚያው አማርኛቸው፤ "አይለቅም።" እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም።

አንባቢዎቼ፣ ወጉን ጥለን ተሳሳምን ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ይላችሁ ይሆናል። አልተሳሳምንም። ነገሌ ተመልሰን እሳቸው ሻሻቸውን ይስባሉ፣ እኔ በጓሮ በር እወጣለሁ። ይህ ወግ እንዲቀርም አልፈልግም። ብዙ ሰው እየተያየ በሚናናቅበት ዘመን፣ ሳይተያይ የሚከባበር ቤት ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም። ግን አንድ ነገር ተለውጧል፤ የተለወጥኩትም እኔ ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ተረቱ ለታማሚው የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ለኛም ነው። እቤታችሁ "ደህና ነኝ" የሚል ትልቅ ሰው ካለ ቃሉን አክብሩለት፤ ጆሯችሁን ግን ለኮቴው ስጡ። ከወንበር ሲነሳ ትንፋሹን ይይዛል? ውሃ መጠጣት ትቷል? ልጅ ማቀፍ ቀንሷል? ሐኪም ቤት ስትወስዱትም ያንን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጫማችሁንም ከመጋረጃው ስር አርቁ።

አማቴ እንቅስቃሴያቸውን አልሰለቹም። ጠዋትና ማታ ጥርሳቸውን ነክሰው ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ክረምቱ ሲወጣ ልጃችንን አዝለው ግቢውን ዞሩ። እኔ አላየሁም፤ ዳርሚ በመስኮት እያየች ነገረችኝ፤ እኔ በጓሮ ሆኜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ ጋራዥ ነኝ። አንድ አይሱዙ ስር ተኝቻለሁ፤ መሸሽ አልችልም፤ ደረቴ ላይ ግማሽ የተፈታ ማርሽ አለ። ከመኪናው ውጭ የአማቴ ቀሚስ ጫፍ ታየኝ። ከቤት እስከ ጋራዥ ገበያውን አቋርጠው፣ መሃል ያለውን አቀበት ወጥተው፣ ብቻቸውን! ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። ለመኪናውም ለግድግዳውም ሳይሆን ለኔው፣ ቀጥ አድርገው ተናገሩ።

"ሶዳ" አሉ በቁጣ። "ስለ ቀኙ ያን ሁሉ ለሐኪም ስትናገር፣ ስለ ግራው ለምን ዝም አልክ?"

ደነገጥኩ። "ግራውም ያምዎታል እንዴ?"

"ያማል!"

"አልሰማሁትም" አልኩ ከስር ሆኜ። "የቀኙ ጩኸት የግራውን ሸፍኖብኝ ነው። መኪና ላይም እንዲህ ይሆናል፤ ትልቁን ድምፅ ካላጠፋህ ትንሹ አይሰማህም።"

አማቴ ሳቁ። ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር፤ ሳቃቸው የዳርሚ ሳቅ ነው።

"እንግዲያው አሁን ስማ" አሉና ጋራዡ በር ላይ ወዲያና ወዲህ ይራመዱ ጀመር። እኔም የያዝኩትን መፍቻ አስቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ።